ሞዴል ፔኒ

«ሞዴል» የሚለው ቃል በብሪታንያ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ዘንድ ከመጫወቻ በላይ ትርጉም አለው። የበርሚንግሃሙ ቀራጺ ጆሴፍ ሙር እ.ኤ.አ. በ1844 ገደማ ያወጣው «ሞዴል ፔኒ» የመንግሥት ገንዘብ አልነበረም፤ ለልጆች ታስቦ የተሠራም አይደለም። ናሙና ነበር፣ በብረት የተቀረጸ የማሻሻያ ሐሳብ። የዘመኑ የመዳብ ፔኒ 18.8 ግራም ይመዝን ስለነበር ኪስ ያጎብጥ ነበር። ሙር ዙሪያውን መዳብ፣ መሐሉን ነጭ ብረት አድርጎ፣ የንግሥት ቪክቶሪያን ምስል የያዘ ትንሽ ሳንቲም አሳየ። ሕዝቡ አዲስ ገንዘብ የወጣ ስለመሰለው የመንግሥቱ ሳንቲም ማምረቻ «የእኔ አይደለም» ብሎ ማስተባበል ነበረበት። ፔኒው የቀለለው በ1860 ነው፤ ከነሐስ ተሠርቶ 9.4 ግራም ሆነ። ሙር በሐሳቡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጀርመኑ ላወር በኑረምበርግ የሠራቸው ጥቃቅን የብሪታንያ ሳንቲም አምሳያዎች ግን በእርግጥ የልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ የሠሪው ስም በደቃቅ ፊደል ስላለ፣ ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥሩ ማጉያ መነጽር ነው።