ጋን

ጋን ጠላ የሚጠመቅበትና የሚቀመጥበት፣ ሆደ ሰፊ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው። በቤት ውስጥ ከሚጠመቅባቸው የሸክላ ዕቃዎች ትልቁ ሲሆን፣ ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለማኅበር ድግስ ይመረጣል። ውኃ ከሚቀዳበት እንስራ የሚለየው በመጠኑና ከቦታው ባለመንቀሳቀሱ ነው።

ጋንን በአብዛኛው ሴት ሸክላ ሠሪዎች ያለ መዘውር በእጃቸው ያበጁትና በገላጣ እሳት ይተኩሱታል። ገዢ ሆዱን በጣት አንኳኩቶ ይመርጣል፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ታቹ ክብ ስለሆነ በድንጋይና በጠጠር ተደግፎ ይቀመጣል።

ከመጥመቅ በፊት ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ከዚያም በሚጤስ የወይራ እንጨት ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጢሱ የቆየ ሽታን ያጠፋል፣ ለጠላውም ጣዕም ይሰጣል። ጌሾና ብቅል በውኃ ተበጥብጠው ጥንስሱ ይዘጋጃል፤ ቂጣ ወይም እንኩሮ ሲጨመርበት ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶበት አፉ ይከደናል። ድፍድፉ ሲፈላ ስለሚገነፍል ጋኑ በዚያ ጊዜ እስከ አፉ አይሞላም።

ሸክላው ቀዳዳማ በመሆኑ ውኃ ቀስ እያለ በገላው ይተናል፣ መጠጡም ይቀዘቅዛል። በከተሞች የፕላስቲክ በርሜል ጋንን በብዛት ተክቷል። በርሜል ቀላልና የማይሰበር ቢሆንም እሳትና ጢስ ስለማይችል፣ ለጠላ ጣዕም ጋንን አይስተካከልም። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ታጥቦም ቢሆን ለመጥመቂያ አይሆንም።