ከካሴት እስከ ስልክ፦ የተላከ ድምፅና የሚደበዝዝ ትዝታ በጅግጅጋ አካባቢ

የመርሳት ሕመም ወይም ዲሜንሺያ ያደረባቸው አረጋውያን ለማኅበራዊ ሚዲያ ባዕድ እንደሆኑ ተደርጎ ይነገራል። የጅግጅጋን፣ የአውበሬንና የቶጎ ውጫሌን ያለፈ ዘመን ለሚያውቅ ሰው ይህ አባባል አይዋጥለትም።

የሶማሊኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በሶማሊያ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አብዛኞቹ ሶማሌዎች ያደጉት የዘር ሐረግን፣ ግጥምንና የዕርቅ ቃልን በቃል እየያዙ ነው። በ1970ዎቹ ካሴት ሲስፋፋ ይህ ባህል መጓጓዣ አገኘ። ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሻገረ ልጅ ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር፤ እናቱም መልሷን ቀድታ ትልክለታለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው በሐርትሼክና በአካባቢው ሰፈሩ፤ ቤተ ዘመድም በየአህጉሩ ተበተነ። (የሐርጌሳ ሬዲዮ ቅጂዎች ከዚያ ድብደባ የተረፉት መሬት ውስጥ ተቀብረው ነው። ትዝታን ለማዳን መቅበር! ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም።)

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2013 የድምፅ መልእክት ሲጀምር ለእነዚህ ሰዎች ያመጣው የቆየውን ልማድ ነው፤ ተጭኖ መናገር፣ ደጋግሞ ማዳመጥ። ማንበብ አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1881 እንደጻፈው፣ አስቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ትዝታ ነው፤ የጥንቱ ይዘገያል። የዛሬ ቁርሷን የረሳች አዬዮ የወንድሟን ድምፅ ለይታ፣ በአባቷ ስም ጠርታው ልትመልስለት ትችላለች። ሕመሙ ሲጠና ግን ቋንቋም ራሱ ይሸሻል።

ካሴትና ስልክ የሚለያዩበት ነጥብ አለ፤ እኔን የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ካሴት ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ተናጋሪዋም ከመላኳ በፊት ታዳምጠዋለች። የስልኩ ድምፅ በቅጽበት ለመላው ጎሳ ስብስብ ይደርሳል። አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ ስትልክ፣ ወይም የሞተ ባሏን ስትጠራ፣ መቶ ሰው ይሰማታል። የልጅ ልጆች ስትሳሳት ቀርፀው ቲክቶክ ላይ ሲለጥፉስ ማን ፈቃዷን ጠየቀ? ከ2022 ጀምሮ የዋትስአፕ ስብስብ አስተዳዳሪ የሌላውን ሰው መልእክት ከሁሉም ስልክ መሰረዝ ይችላል። አስተዳዳሪው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ካሴት ያደርስ የነበረው መንገደኛ እንዲህ ያለ ሥልጣን አልነበረውም።