ጥጥን የማጨቅ ጥበብ፦ ከእግር ርግጫ እስከ ፈሳሽ ግፊት

መግቢያ

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከጋሞ ደጋዎች የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በሸማ ሥራ ሲተዳደሩ ኖረዋል። በዚህ ሰፈር ግን ጥጥ አይበቅልም። አየሩ ለጥጥ ቀዝቃዛ ነው፤ መሬቱም በመኖሪያ ቤትና በመንገድ ተይዟል። ስለዚህ በሸማኔው እጅ የሚገባው ድርም ሆነ ማግ ከሩቅ ቆላ ተነሥቶ፣ ታጭቆና ታስሮ፣ በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው። የሸማኔው ጥበብ የታወቀ ሲሆን ከዚያ በፊት ያለው የማጨቅ ሥራ ግን እምብዛም አይነሣም።

በየትምህርት ቤቱ ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ሲነገር የመዳመጫው፣ የመፍተያውና የመሸመኛው መኪና ታሪክ ይጠቀሳል። የማጨቂያው መኪና ታሪክ ግን ይታለፋል። ይሁን እንጂ የተዳመጠ ጥጥ ካልታጨቀ ከመዳመጫው ደጃፍ ብዙ አይርቅም፤ ርቆ ቢሄድም የማጓጓዣው ኪራይ ዋጋውን ይበላዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማጨቂያው በምን ደረጃዎች እንደ ተሻሻለ፣ ወደ አገራችን በምን መንገድ እንደ ገባና በእጅ ለሚሠራው ሸማኔ ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ጥጥ የሚታጨቅበት ምክንያት

የተዳመጠ ጥጥ ከግዙፍነቱ አብዛኛው አየር ነው። ጭረቶቹ ቀጫጭን፣ ጥምዝምዝና ላስቲክነት ያላቸው በመሆናቸው ሲጫኑ ይሰበሰባሉ፤ ሲለቀቁ ደግሞ ወደ ቀድሞ ስፋታቸው ለመመለስ ይገፋሉ። ስለዚህ የማጨቂያ መኪና ሁለት ሥራ አለበት፤ አንደኛው አየሩን ማስወጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥጡ ተመልሶ እንዳይነፋ ግፊቱ ሳይላላ ማሰር ነው። የማጨቂያው ታሪክ በሙሉ የእነዚህ የሁለት ሥራዎች ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የጉዳዩን ክብደት በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። በዝቅተኛ ግፊት የታሰረ ጥጥ በአንድ ሜትር ኩብ 190 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በዛሬው ከፍተኛ ግፊት የታሰረው ግን ወደ 450 ኪሎ ግራም ይጠጋል። 40 ሜትር ኩብ የሚይዝ የጭነት መኪና በመጀመሪያው ዓይነት ቢሞላ ሰባት ቶን ተኩል ያህል፣ በሁለተኛው ዓይነት ቢሞላ 18 ቶን ያህል ይጭናል። ሾፌሩ ያው፣ መንገዱም ያው ሆኖ ሳለ የሚደርሰው ጥጥ ከእጥፍ ይበልጣል። መኪናው፣ ባቡሩና መርከቡ ቀላል ግን ግዙፍ ዕቃ ሲጭኑ የሚከፈለው ለክብደት ብቻ ሳይሆን ለያዘው ስፍራ ጭምር በመሆኑ፣ ማጨቂያውን ለማሻሻል የተደረገው ትግል ምንጩ ይኸው ነው።

2. ጥንታዊው አያያዝ

ጥጥ በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሀብት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ከጠፋው ንብረት መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ተጠቅሷል። ይህም ጥጥ በዚያ ዘመን በአካባቢው እንደ እህል ተከማችቶ የሚቀመጥ ሀብት እንደ ነበረ ያመለክታል።

በቤት ውስጥ ሥራ ጥጥ በብዛት አይታጨቅም ነበር። ሴቶች በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እያንከባለሉ ፍሬውን ያወጣሉ፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በአመልማሎ ተጠቅልሎ በእንዝርት ይፈተላል። ሥራው በአንድ ጣሪያ ሥር ወይም በአንድ መንደር ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ወደ ሩቅ ገበያ የሚሄደው በአብዛኛው ፈትሉና ሸማው እንጂ ልቃቂት ያልሆነው ጥጥ አልነበረም። ፈትልና ሸማ ደግሞ በተፈጥሯቸው የተጨመቁ ናቸው። በዚህ ዓይን ሲታይ የኢትዮጵያ እናቶች እንዝርት የማጓጓዣውን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። ጥጡም ቢጫን መጠኑን የሚወስነው የአህያው፣ የበቅሎው ወይም የግመሉ ጀርባ ነበር።

3. ከእግር ርግጫ ወደ ጠመዝማዛ ምሰሶ

የማጨቂያ መኪና ፍላጎት በኃይል የተነሣው በአሜሪካ ነው። ኤሊ ዊትኒ በ1793 የሠራውና በ1794 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለሽቦ ጥርስ መዳመጫ ፍሬውን ከጭረቱ በፍጥነት ለየ። በ1790 ጥቂት ሺህ እስር ብቻ የነበረው የአሜሪካ ምርት በ1860 ወደ አራት ሚሊዮን እስር ተጠጋ። ይህን ጥጥ ያመረተውና ያጨቀው በባርነት የተያዘው አፍሪካዊ ሕዝብ እንደ ነበረ ሊዘነጋ አይገባም። የመዳመጫው ፍጥነት ባርነትን አጠናከረ እንጂ አላቀለለም።

በመጀመሪያው ዘመን ጥጡ የሚታጨቀው በእግርና በእጅ ነበር። ረጅም ከረጢት በወለል ቀዳዳ ይንጠለጠላል፤ አንድ ሰው ከውስጡ ገብቶ ጥጡን በእግሩ እየረገጠ፣ በዘነዘና መሰል እንጨት ወይም በብረት እየወቀጠ ይሞላዋል። የሚወጣው እስር ድቡልቡል፣ ለስላሳና ለመደራረብ የማይመች ነበር። የሠራተኛው ሳንባም በብናኝ ይሞላ ነበር።

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በናቼዝ አካባቢ ይኖር የነበረው ዊልያም ደንባር በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በብሎን የሚሠራ ማጨቂያ ከፊላደልፊያ አዘዘ። ከዚያ በኋላ በየእርሻው ከእንጨት የተጠረበ ግዙፍ ጠመዝማዛ ምሰሶ ተተከለ። ከምሰሶው አናት እስከ ምድር የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ክንዶች በበቅሎ ወይም በፈረስ ሲዞሩ ምሰሶው ወደ ሣጥኑ እየወረደ ጥጡን ይጫናል። የዚህ መሻሻል ጥቅም ሁለት ነው፤ ግፊቱ ከሰው እግር ኃይል እጅግ በለጠ፤ የእስሩም ቅርጽ ከድቡልቡልነት ወደ አራት ማዕዘንነት ተለወጠ። አራት ማዕዘን እስር በመጋዘንም ሆነ በመርከብ ሆድ ውስጥ ክፍት ቦታ ሳይተው ይደረደራል።

4. ከእንፋሎት ወደ ፈሳሽ ግፊት

የእርሻው ማጨቂያ ለወንዝ ጀልባ ቢበቃም ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ መርከብ አልበቃም። ስለዚህ እንደ ኒው ኦርሊንስ ባሉ ወደቦች በእንፋሎት የሚሠሩ ታላላቅ መጭመቂያዎች ተተከሉ፤ ከእርሻ የመጣው እስር በእነዚህ ዳግመኛ ተጨምቆ ስፍራው በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር። ግፊቱ ሲጨምር ገመድ አልችል ስላለ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያ በኋላ የብረት ጠፍር ገመዱን ተካ። በዚህም ማሰሪያው ካልተሻሻለ የመጭመቂያው ኃይል ብቻውን እንደማይጠቅም ታየ።

ሌላው ምንጭ ከጥጥ ጋር ግንኙነት ያልነበረው ግኝት ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መጭመቂያ የባለቤትነት መብት አገኘ። መሠረቱ ፓስካል የገለጸው ሕግ ነው፤ በታሸገ ፈሳሽ ላይ በአንድ ወገን የተደረገ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ በእኩልነት ይተላለፋል። 10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ባለው ትንሽ ፒስተን ላይ የ100 ኪሎ ግራም ክብደት ቢያርፍ፣ 1,000 ሳንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው ትልቅ ፒስተን 10,000 ኪሎ ግራም ያነሣል። በአንጻሩ ትልቁ ፒስተን አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ 100 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በኃይል የተገኘው በርቀት ይከፈላል ማለት ነው።

በ1880ዎቹ በቴክሳስ ሮበርት ማንገር ሥራውን በአንድ ሰንሰለት አገናኘው። ጥጡ ከጋሪ በአየር ተስቦ ወደ መዳመጫዎች፣ ከዚያም ወደ ማጨቂያው እንዲደርስ አደረገ። ማጨቂያው ሁለት ሣጥኖች ነበሩት፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይታሰራል፤ ከዚያ ሁለቱ ዞረው ቦታ ይለዋወጣሉ። በዚህም መዳመጫው እስሩ እስኪታሰር ሥራ ፈትቶ መቆሙ ቀረ።

በ1970ዎቹ ደግሞ በመዳመጫው ፋብሪካ ውስጥ እንዳለ እስከ መጨረሻው እፍጋት የሚያጨቁ የሃይድሮሊክ መኪናዎች በመስፋፋታቸው በወደብ ላይ ይደረግ የነበረው ሁለተኛ ጭመቃ እየቀረ ሄደ። በዚያው ዘመን በቴክሳስ የግብርና ተመራማሪዎች ያልተዳመጠውን ጥጥ በእርሻው ላይ እንደ ዳቦ ቅርጽ የሚያጨቅ መሣሪያ ሠሩ። መዳመጫው ፋብሪካ በመኸር ወቅት ቢጨናነቅም ጥጡ በማሳው ዳር ተሸፍኖ ተራውን መጠበቅ ቻለ።

የግፊት ማደግ አዲስ ጥንቃቄም ጠይቋል። በጣም የደረቀ ጥጥ ለመታጨቅ አሻፈረኝ ይላል፤ ማሰሪያም ይበጥሳል። እርጥበቱ ከስምንት በመቶ በላይ የሆነ ጥጥ ደግሞ በመጋዘን ሲቆይ ቀለሙ ይበላሻል። ከመዳመጫው የተነሣ የእሳት ፍንጣሪ በእስሩ ውስጥ ቢቀበርም ሳይታይ ለቀናት እየጨሰ መጋዘኑን ሊያቃጥል ይችላል።

5. የታጨቀው ጥጥ ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ

የታጨቀ ጥጥ ወደ አገራችን በብዛት የገባው በመጀመሪያ በጥሬነቱ ሳይሆን ጨርቅ ሆኖ ነው። አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ የአሜሪካ ጨርቅ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ገበያውን ያዘ። በ1903 የአሜሪካው ልዑክ ሮበርት ስኪነር ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ሲመጣ ይህ ጨርቅ በንግዱ ውስጥ ዋና ስፍራ ነበረው። ጨርቁ ከወደብ በግመል የሚጓዝ ስለ ነበር የእስሩ ክብደት ግመሉ በሁለት ጎኑ ሊሸከም ከሚችለው መብለጥ አይችልም ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ወሰን ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የዘመናዊው ፋብሪካ ዘመን ተከተለ። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ በ1939 በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሠረተ። የአቃቂ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ የባሕር ዳር ፋብሪካ በ1961 ተከተሉ። ፋብሪካዎቹ ያለ ማቋረጥ ጥጥ ስለሚፈልጉ በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ እርሻዎች ተቋቋሙ። ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አቋቋመ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተመሠረተ፤ በመልካ ወረር የምርምር ጣቢያ ተከፈተ። ትላልቆቹ እርሻዎች በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሱ። የእርሻው መስፋፋት የአፋር አርብቶ አደሮችን የበጋ ግጦሽ ማጥበቡ ግን ከታሪኩ የማይለይ ዋጋ ነው።

ከታችኛው አዋሽ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ላይ ጥጡን ያላንዳች ጭመቃ ማጓጓዝ አየርን በነዳጅ ከመሸከም አይለይም። ስለዚህ መዳመጫው ፋብሪካ ከነማጨቂያው በእርሻው አጠገብ መተከሉ ትክክለኛ ነበር፤ ከጥሬው ጥጥ ክብደት ሦስት እጅ ሁለቱ ገደማ ፍሬ በመሆኑ፣ ፍሬው እዚያው ቀርቶ የታጨቀው ጭረት ብቻ ይጓዛል።

6. እስሩና የእጅ ሥራው

በዓለም ገበያ የተለመደው የአሜሪካ እስር 218 ኪሎ ግራም፣ የህንዱ 170 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ልክ ለፎርክሊፍትና ለፋብሪካ መጋዘን ተመትሮ የተሰፋ ነው። በኮልፌ በእንዝርት ለምትፈትል እናት ግን ከዓመት የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ገዝታ የምታስገባበት ገንዘብም፣ የምታስቀምጥበት ቤትም የላትም። በመሆኑም በእስሩና በእርሷ መካከል ቦንዳውን ፈትቶ በኪሎ የሚቸረችር ነጋዴ ይገባል። ዋጋው በዚያ ላይ ይጨምራል፤ የጥጡም ደረጃ ከእስሩ ላይ እንደ ተጻፈው መሆኑ አይረጋገጥም። በከፍተኛ ግፊት የተጨመቀው ጥጥ እንደገና እስኪነፋም በደጋን የሚነደፍበት ድካም ይበዛል። ሸማኔው ለድር የፋብሪካ ክር መያዙ፣ ለማግም ጭምር ወደ እርሱ ማዘንበሉ ከክሩ ጥንካሬ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የፋብሪካው ክር በቱባ፣ ማለትም በሸማኔው አቅም ልክ ታስሮ ስለሚሸጥም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ንጽሕና ነው። ጥጥ በእጅ በሚለቀምበት አገር ለቃሚው በማዳበሪያ ከረጢት ሲሰበስብ ከከረጢቱ የሚበጠሱ የፕላስቲክ ጭረቶች ከጥጡ ጋር ይዳመጣሉ፤ ይታጨቃሉም። ማጨቂያው የሚያጨቀው የሰጡትን ነው፤ ቆሻሻውንም ከነጥጡ አጥብቆ ይይዘዋል። ጥፋቱ የሚታወቀው ጨርቁ ከተሸመነና ማቅለሚያ ከገባ በኋላ ነው፤ ፕላስቲኩ እንደ ጥጡ ቀለም አይቀበልምና። መፍትሔውም ከውድ መኪና በፊት ለለቃሚው የጥጥ ጨርቅ ከረጢት መስጠት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ የማጨቂያ መኪና የሚመዘነው በግፊቱ ብዛት ብቻ አለመሆኑ ነው። የእርሻው ጠመዝማዛ ምሰሶ ከወንዙ ጀልባ ጋር፣ የወደቡ መጭመቂያ ከመርከቡ ጋር፣ የአቡጀዲው እስር ከግመሉ ጀርባ ጋር ተመጣጥኖ ነበር። መሣሪያ ከመንገዱና ከተቀባዩ ጋር ሲመጣጠን ይጠቅማል፤ ሳይመጣጠን ሲቀር ወጪውን አንዱ ወገን ይሸከማል። በአሁኑ ሁኔታ ይህ ወገን በአብዛኛው በእጁ የሚሠራው ነው።

ስለዚህ ለፕላን አውጪዎች የሚቀርበው ሐሳብ ፋብሪካውን የሚመግበውን ትልቅ እስር መተው አይደለም፤ ከእርሱ ጎን ለጎን ደረጃው የታወቀና በዝቅተኛ ግፊት የታሰረ፣ አሥርና ሃያ ኪሎ ግራም የሚመዝን ትንሽ እስር ለፈታዮችና ለሸማኔዎች ማኅበራት የሚቀርብበትን መንገድ ማጥናት ነው። በእጅ የሚንቀሳቀስ ብሎን ወይም ጃክ ለዚህ ይበቃል፤ የሙያ ትምህርት ቤትም ሊሠራው ይችላል።

ለመምህራን ደግሞ ርእሱ ብዙ ትምህርቶችን በአንድ ዕቃ ላይ ያገናኛል። ተማሪዎች አንድ ኪሎ ግራም ጥጥ በሣጥን ሞልተው ስፋቱን ይለኩ፤ በክብደት ተጭነው እንደገና ይለኩ፤ እፍጋቱን ያስሉ፤ ከዚያም ከዱብቲ እስከ ኮልፌ የሚከፈለውን የማጓጓዣ ኪራይ በሁለቱም ያነጻጽሩ። የፓስካል ሕግ፣ የባርነት ታሪክ፣ የአዋሽ ሸለቆ መልክዐ ምድርና የጎረቤታቸው የሸማኔ ኑሮ በዚያ ሣጥን ውስጥ ተገናኝተው ያገኟቸዋል።