የዕድሜ ልክ ክፍያ የዛሬ ዋጋ፦ የዮሐን ደ ዊት ስሌትና ያስከተለው ጥያቄ



በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆላንድ ክፍለ ሀገር ከሕዝብ የሚበደረው በሁለት ዓይነት ውል ነበር። በመጀመሪያው፣ አበዳሪውና ወራሾቹ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ በየዓመቱ ወለድ ይቀበላሉ። ሁለተኛው ግን በውሉ የተሰየመው ሰው ሲሞት የሚያበቃ የዕድሜ ልክ ክፍያ ነው።

ወለዱ በመቶ 4 ሲሆን፣ በመጀመሪያው ውል በየዓመቱ 1 ጉልደን ለማግኘት 25 ጉልደን ይከፈላል። የዕድሜ ልኩ ውል ግን በ14 ጉልደን ይሸጥ ነበር፤ ያውም ለሕፃንም ለሽማግሌም በአንድ ዋጋ። እንግዲህ 1,000 ጉልደን ያስገባ ሰው በአንደኛው 40፣ በሁለተኛው ከ71 በላይ ጉልደን በዓመት ያገኛል።

ዋጋው ተገቢ ነበርን? ከአንድ ዓመት በኋላ የሚከፈል 1 ጉልደን ለ1.04 ሲካፈል የዛሬ ዋጋው 0.96 ያህል ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ እንደገና ለ1.04 ይካፈላል፤ እንዲህ እያለ ይቀንሳል። የ21 ዓመቱ ክፍያ ሲደመር 14 ጉልደን ይሞላል። ተሰያሚው 50 ዓመት ቢኖር ግን ድምሩ ከ21 ጉልደን ይበልጣል፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው ግምጃ ቤቱ ነው። ውሉን በልጅ ስም መግዛት ያዋጣ የነበረው ስለዚህ ነው።

በ1671 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ባንዣበበበት ወቅት፣ የሆላንድ መሪ ባለሥልጣንና የሒሳብ ሊቅ የነበረው ዮሐን ደ ዊት ለምክር ቤቱ ጽሑፍ አቀረበ። የእያንዳንዱን ዓመት ክፍያ ከሞት ዕድል ጋር አዛምዶ በማስላት፣ በለጋ ዕድሜ ላለ ሰው የሚገዛው ውል 16 ጉልደን እንደሚያወጣ አሳየ። በዚህ ዋጋ 1,000 ጉልደን የሚያስገኘው 62.5 ጉልደን ነው። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይ አገሪቱን ወረረች፤ ደ ዊትም ከወንድሙ ጋር በሄግ ከተማ በቁጡ ሕዝብ ተገደለ።

በ1693 ኤድመንድ ሃሌይ የብሬስላው ከተማን የልደትና የሞት መዝገብ መሠረት አድርጎ በመቶ 6 ወለድ አሰላ፤ የ10 ዓመት ልጅ ውል የዓመታዊ ክፍያውን 13.44 እጥፍ፣ የ70 ዓመት አዛውንት ውል 5.32 እጥፍ ያወጣል። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ለሁሉም በ7 እጥፍ ሸጦ ነበር። አዛውንቱ ከሚገባው በላይ ከፈለ፤ ልጁ በግማሽ ዋጋ ገዛ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሳይሰላ የተተመነ ዋጋ ለአንዱ ስጦታ፣ ለሌላው ዕዳ ይሆናል። ስሌቱ ገንዘብን አይፈጥርም፤ ማን ለማን እንደሚከፍል ግን ይገልጣል።