አስቤስቶስ፦ በግንባታና በማፍረስ ሥራ ላይ ሊታወቁ የሚገባቸው ቃላት

በከተሞቻችን አሮጌ ሕንፃዎች እየፈረሱ በአዲስ ሲተኩ፣ በፍርስራሹ መካከል አስቤስቶስ የተባለው ጎጂ ቁስ ሊኖር ይችላል። ለሥራ ወደ ውጭ ሀገር የሚሄዱ ወገኖችም ስሙን በግንባታ ቦታዎች የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ላይ ያገኙታል። የአስቤስቶስ አደጋ በአቧራው ነው። ከዚህ በታች የተብራሩት ቃላትም በአብዛኛው አቧራው እንዳይነሣና ወደ ሳንባ እንዳይገባ ከማድረግ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አስቤስቶስ፦ ከመሬት የሚወጣ፣ ቃጫ መሰል ክሮች ያሉት ማዕድን ነው። እሳትንና ሙቀትን ስለሚቋቋም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጣሪያ፣ ለውኃ ቧንቧ፣ ለሙቀት መከላከያ ልባስና ለተሽከርካሪ ፍሬን ሸራ በስፋት አገልግሏል። በንግድ በብዛት የታወቁት ነጭ፣ ቡናማና ሰማያዊ የሚባሉት ዓይነቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ይገልጻል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ አገልግሎት ላይ እንዳይውል ከልክሏል።

የአስቤስቶስ ሲሚንቶ፦ ሲሚንቶ ከአስቤስቶስ ክሮች ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ጣሪያ ወይም ቧንቧ ነው። ጣሪያው እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ቅርጽ ቢኖረውም ግራጫና ወፍራም ሲሆን፣ ሲመታ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። የተለመደው የብረት ቆርቆሮ አስቤስቶስ የለበትም። ዛሬ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ከአስቤስቶስ ነጻ የሆኑ ምርቶችም ስላሉ፣ እርግጡ የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ምርመራ ብቻ ነው።

ተፈርፋሪ እና ጥብቅ ቁስ፦ ደርቆ ሳለ በእጅ ሲጨበጥ የሚደቅ ልባስ ተፈርፋሪ ይባላል፤ እጅግ አደገኛውም እርሱ ነው። የሲሚንቶው ጣሪያ ግን ክሮቹን አጥብቆ ስለሚይዝ ሳይነካ ሲቀመጥ የሚያስከትለው ስጋት አነስተኛ ነው። በግራይንደር ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲሰበር ወይም አርጅቶ ሲፈራርስ ግን ክሮቹን ወደ አየር ይለቃል።

ቅድመ ዳሰሳ፦ ማፍረስ ከመጀመሩ በፊት ቁሱ የት እንዳለ በባለሙያ የሚለይበት ሥራ ነው። ጥርጣሬ ካለ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ቁሱ አስቤስቶስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዛል።

ማርጠብ፦ አቧራ እንዳይነሣ ቁሱን በቀስታ በውኃ ማራስ ነው። ከዚያም ጣሪያው ሳይሰበር በሙሉው ይወርዳል። በደረቁ መጥረግና በነፋስ መሣሪያ ማራገፍ ክልክል ነው።

የመተንፈሻ መከላከያ፦ ጥቃቅን ክሮችን የሚያስቀር ማጣሪያ ያለውና ከፊት ጋር በትክክል የሚገጥም ጭንብል ነው። በአፍና በአፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅ ወይም ሻሽ ሊተካው አይችልም።

ከብክለት መንጻት፦ ሠራተኛው የሥራ ልብሱን እዚያው አውልቆ፣ ታጥቦ የሚወጣበት ሥርዓት ነው። አቧራው በልብስ ላይ ወደ ቤት ስለሚገባ፣ የሠራተኛውን ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ የቤተሰብ አባላት አሉ።

አወጋገድ፦ ስብርባሪው በድርብ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ ምልክት ተደርጎበት በተፈቀደ ቦታ ይቀበራል። ለአጥር፣ ለዶሮ ቤት ወይም ለመንገድ መሙያ መጠቀም አደጋውን ከከተማ ወደ ገጠር ማዛወር ነው።

ስውር ጊዜ፦ አቧራውን በመተንፈስና በሕመሙ መታየት መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሳንባ መጠንከር የሆነው አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ካንሰር እንዲሁም የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴሊዮማ ዋና ዋናዎቹ ሕመሞች ናቸው። ሲጋራ ማጨስ የሳንባ ካንሰር አደጋውን እጅግ ያባብሰዋል።

ስለዚህ ለአቧራው የተጋለጠ ሰው ዛሬ ስላላሳለው ደኅና ነው ማለት አይቻልም። አጠራጣሪ ጣሪያ ወይም ቧንቧ ያገኘ ሰው ሥራውን አቁሞ፣ ሌሎችን አርቆ፣ ለአካባቢው የግንባታ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይኖርበታል። ቀድሞ የተጋለጠም ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የሠራበትን ቦታና ጊዜ ይንገር።