በሰው እጅ መብረር

ሰሞኑን እኛ ዘንድ አንድ ክርክር ተነስቶ ቡናው እስኪቀዘቅዝ አላባራም። ነገሩ «አውትሶርሲንግ» የሚሉት ነው፤ ድርጅት የገዛ ሥራውን ቆርሶ ባሕር ማዶ ላለ ሌላ ድርጅት የሚሰጥበት። ግማሾቻችን «ይፈጥናል፣ ይረክሳል» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ቤትን አከራይቶ ቁልፍ መለመን ነው» አልን። ጎበዝ፣ አዲስ መስሎን ነው እንጂ አገራችን ይህንን ከጀመረች መቶ ዓመት አልፏታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

በባንኩ እንጀምር። በ1905 ዓፄ ምኒልክ ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ የ50 ዓመት ፈቃድ ሰጡ፤ በዓመቱ የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የግብፅ ይባል እንጂ እናት ባንኩ በእንግሊዞች እጅ ነበር። ውሉ የባንክ ሥራውን፣ የወረቀት ገንዘብ ማውጣቱንም ጨምሮ፣ በብቸኝነት አስረከበው። ጥቅሙ አይካድም፤ ባንክ አይታ የማታውቅ አገር ባንክ አገኘች። ግን 50 ዓመት ሙሉ ተፎካካሪ የማይመጣበት ሰው ምን አስቸኩሎት የአገሬውን ልጅ ያሠለጥናል? በ1931 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ውሉ ሳያልቅ ካሣ ከፍለው ባንኩን አስዘጉና በምትኩ የኢትዮጵያን ባንክ አቋቋሙ። የራሳችን ባንክ እንዲኖረን መጀመሪያ መውጫ ከፈልን ማለት ነው።

አየር መንገዱ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እኛንም ያከራከረን እሱ ነው። በ1945 መንግሥት ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋዋለ። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ሚያዝያ 1946 ላይ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ገባ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ 47 ነበሩ። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ዕቃው መሐል ላይ ይታሰራል። አብራሪው አሜሪካዊ፣ መካኒኩ አሜሪካዊ፣ ሒሳብ ሠራተኛው አሜሪካዊ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ። ስሙ ብቻ የኢትዮጵያ! ያሉ ሳይኖሩ አይቀሩም። አደጋውም ቀላል አልነበረም፤ አሜሪካኖቹ አንድ ቀን ጓዛቸውን ቢሸክፉ አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ መቅረታቸው ነው።

ነገር ግን ስሙ ብቻ አልነበረም። ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ የቦርዱ ሊቀ መንበርም ኢትዮጵያዊ ነበር። ውሉ ደግሞ እንደ ባንኩ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚያስር ሳይሆን በየጊዜው እየታየ የሚታደስ ነበር፤ በ1953ቱ እድሳት ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን እንዲዞር ተፈለገ። በ1957 ዓለማየሁ አበበ ካፒቴን ሆኑ። ከመጀመሪያው በረራ 11 ዓመት መሆኑ ነው፤ ከመካከላችን አንዱ «ለአንድ ካፒቴን 11 ዓመት!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፣ ዘግይቷል። ግን አብራሪ በአዋጅ አይወለድም።

በ1970 ውሉ ለአምስተኛ ጊዜ ሲታደስ ቲ ደብሊው ኤ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ። በዓመቱ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1975 ሁለቱ ተለያዩ። ቤተ መንግሥቱ ባለቤት ቀይሮ አገር ሲታመስ በነበረበት በዚያ ሰሞን አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን አላቆሙም፤ እኛ እንደምናየው የ30 ዓመቱ ትምህርት ዋጋ የታየው እዚያ ላይ ነው።

መምህሩ ቲ ደብሊው ኤ በታኅሣሥ 2001 የመጨረሻ በረራውን አድርጎ በሌላ አሜሪካዊ አየር መንገድ ተዋጠ። ተማሪው በበኩሉ በ2010 ቶጎ ላይ በረራ ለጀመረው አስካይ ስትራቴጂያዊ አጋር ሆነ፤ በ2013 ደግሞ በማላዊ አየር መንገድ የ49 በመቶ ድርሻ ያዘ። እንግዲህ ሎሜና ሊሎንግዌ ያሉ ወጣቶች ቡናቸውን እያቀዘቀዙ የሚከራከሩት ስለ እኛ ሳይሆን አይቀርም።