የ«ከ» ቦታ፦ የቃላት ፕሮብሌም በወለጋ ክፍሎች

በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ አብዛኛው ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ አልጀብራው የሚጠጥረውና ትሪጎኖሜትሪው የሚመጣውም በዚያው ሰሞን ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር፣ ተማሪው ከሚሰናከልባቸው ቦታዎች ዋነኛው ስሌቱ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ወደ እኩልነት የሚያሻግርበት እርምጃ ነው የሚል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጋዴው ቡናና በቆሎ በድምሩ 48 ኩንታል ጫነ፤ በቆሎው ከቡናው በ6 ኩንታል ያንሳል። በአማርኛ በቆሎ፣ ቡና፣ 6፣ «ያንሳል» እያልን እንሄዳለን፤ በዚሁ ተራ ብንጽፈው በቆሎ = ቡና − 6 ይሆናል። አፋን ኦሮሞም ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ የ«ከ» አቻ የሆነውን «ኢራ»ንም ከስሙ ኋላ ያስከትላል። እንግሊዝኛ ግን 6ን ከቡናው ያስቀድማል። ቃል በቃል የተከተለ ተማሪ «6 − ቡና» ብሎ ይጽፋል። ልጁ በገዛ ቋንቋው የማይገጥመው ወጥመድ የሚጠብቀው ልክ የመማሪያ ቋንቋው በተለወጠበት ዓመት ነው ማለት ነው።

ቅደም ተከተል ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ጆን ክሌመንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት «ተማሪዎች የመምህራን 6 እጥፍ ናቸው» የሚለውን ሐሳብ ለአሜሪካ የምህንድስና ተማሪዎች ሰጥተው ነበር፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ተሳሳቱ። ብዙዎቹ 6ን ያባዙት በተማሪዎቹ ነው። ከስህተቱ አንዱ ምንጭ ፊደሉን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ሰው መለያ ማየት ነበር። ስለዚህ ተለዋዋጩን ስንሰይም «ቡና» ማለት አይበቃም፤ «ሀ = የቡናው ብዛት በኩንታል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። በቆሎው ሀ − 6 ነው፤ ሀ + (ሀ − 6) = 48፣ 2ሀ = 54፣ ሀ = 27። በቆሎው 21 ኩንታል ሆነ። 27 እና 21 ሲደመሩ 48 ይመጣሉ፤ ልዩነታቸውም 6 ነው። ይህን መልሶ ማረጋገጥ የሚዘል ተማሪ ብዙ ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖሊያ ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው መጽሐፉ ራሱን የቻለ አራተኛ የችግር አፈታት እርምጃ አድርጎታል።

ልጆችን በአፋቸው ማስተማር ለነቀምቴ እንግዳ አይደለም፤ መምህራኑ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ እዚያው በአፋን ኦሮሞ ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ የ9ኛ ክፍል መምህር የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ከመፍታቱ በፊት ተማሪው በአፋን ኦሮሞ መልሶ እንዲናገረው ቢያደርግ ያተርፋል እላለሁ።

በትሪጎኖሜትሪም «ከ» ወሳኝ ናት፤ ማዕዘኑ የተለካው ከምን ተነሥቶ ነው? ነቀምቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። መጋቢት 12 አካባቢ፣ ፀሐይ መካከል በምትደርስበት ሰዓት (ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ) ፀሐይዋ ከአናት 9፣ ከመሬት ግን 81 ዲግሪ ላይ ትሆናለች። የአንድ ዛፍ ጥላ 3.2 ሜትር ቢሆን ቁመቱ 3.2 × ታንጀንት 81° ነው፤ 3.2 × 6.31 ወደ 20.2 ሜትር ይሆናል። 9ን ያስገባ ተማሪ ዛፉን ግማሽ ሜትር ያደርገዋል፤ ግቢው ውስጥ ቀና ብሎ ቢያየው ስህተቱን ወዲያው ያውቃል። በሰኔ አጋማሽም ፀሐይ መካከል ስትደርስ ያንኑ ዛፍ ይለካ፦ ፀሐይ በስተሰሜን ታልፋለች፣ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ርዝመቱም ከ5 ሜትር ያልፋል።